የቤት ሰው አይጻፍም

«እትዬ የሺስ? እኔ እኮ አንድም ቦታ ላይ አላየኋቸውም» አለች ጎረቤታቸው ሱሃይላ። ሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ የፈጀው የሠርግ ፊልም ገና ማለቁ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት ነጫጭ ርግቦች በልብ ቅርጽ ውስጥ ክንፋቸውን ያራግባሉ። ነጋሳ ቤት ሳሎን የተቀመጠው ሰው ሁሉ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ እርስ በርሱ ተያየ። እትዬ የሺዓለም በሩ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ሆና ሳቀች። «እንዴት አላየሽኝም? ያ ዶሮው ሲጨለፍ የታየው እጅ የማን መሰለሽ? የኔ አይደል እንዴ!» እውነቷን ነው። ፊልሙ መሐል ላይ ዶሮ ወጡ ከትልቁ ብረት ድስት በዝግታ፣ በክላሲካል ሙዚቃ ታጅቦ ሲወጣ ይታያል፤ ጭልፋ የያዘ እጅም አለ። እጁ እስከ ክርን ይመጣና፣ ከክርን በላይ ያለችው ሴትዮ ትቀርና፣ ፊልሙ ወደ ኬኩ ይዘላል። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሷም አብራ ሳቀች፣ ሱሃይላም ያለቦታው የተናገረች መስሏት ዳቦ መቁረስ ጀመረች።

አይ ሠርግ! እስቲ በዚያ ፊልም ውስጥ ያልገባ ማን አለ? የቀድሞው ርዕሰ መምህር አቶ ገሠሠ አንዲት አጥንት ሲግጡ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ገብተዋል። ድንኳን አከራዩ አለ። ሙሽሪት ሶሲና ባሏ ሶደሬ ዛፎች ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው አሥር ጊዜ ይሄዳሉ፣ አሥር ጊዜ ይመለሳሉ። ማንም የማያውቀው፣ ምናልባትም ድንኳን ተሳስቶ የገባ፣ ቡኒ ኮት የለበሰ ሰውዬ እንኳ ሦስት ቦታ ላይ ሲጨፍር ይታያል። እትዬ የሺ ግን የለችም። ከሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀድማ ከወለንጪቲ የመጣችው፣ በሰባ አንድ ዓመቷ ሦስት ቀን ሙሉ ከድንኳኑ ጀርባ እሳት ላይ የቆመችው፣ ስድስት መቶ ሰው የበላውን ወጥ እያንዳንዱን ድስት ቀምሳ ያስወጣችው እሷ ናት። ለሙሽሪት አባት ለነጋሳ ደግሞ ይህች ሴት እንዲሁ እህት ብቻ አይደለችም። እናታቸው ስትሞት እሱ የሦስት ዓመት፣ እሷ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። ቆቃ ዳር ዓሣ እየበለተች፣ እየጠበሰች፣ ለመንገደኛ እየሸጠች አሳደገችው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አዳማ ውስጥ ሠላሳ አምስት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረው በዚያ ዓሣ ነው።

ሳቁ ሲበርድ እትዬ የሺ ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች። «በሉ እንግዲህ፣ ዕቃዬን ላሰናዳ። የአሥር ሰዓቱን መኪና ልያዝ» አለች። መሄጃዋ ሰኞ ነበር። የነጋሳ ሚስት አበበች ደንግጣ፣ «ምነው እትዬ? ምን አጎደልንብዎት?» ብትላት፣ «ኧረ ምንም፤ ዶሮዎቼን እኮ ለሰው ጥዬ ነው የመጣሁት» ብላ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች። ሌላው ሰው አመናት። ነጋሳ አላመናትም። እህቱን ያውቃታል፤ የእሷ ቁጣ ድምፅ የለውም። ድሮ አንድ ጊዜ፣ ቤት ሲቀይር ሳይነግራት ቀርቶ ከሰው አፍ ሰምታ፣ «ይመችህ» ብቻ ብላው አራት ዓመት ሙሉ ደጁን አልረገጠችም፤ ከአራት ዓመት በኋላ የመጣችውም ለለቅሶ ነው። ያኔ ገና ስልሳ አልሞላትም። አሁን በዚህ ዕድሜዋ አኩርፋ አሥር ሰዓት ላይ ከወጣች፣ መቼ ልትመለስ ነው? እንግዶቹ ተሰናብተው እስኪወጡ ድረስም ቴሌቪዥኑን አላጠፋውም፤ ርግቦቹ ብቻቸውን ይበሩ ነበር።

ሰው ሲከፋው የሚጣላው ሰው መፈለጉ አይቀርም፣ ነጋሳም አላጣም። «ያ ልጅ ነው!» አለ ጫማውን እያጠለቀ። «ያ ኤባ የሚሉት ቪዲዮ አንሺ! ሦስት ካሜራ፣ አንድ ድሮን ይዞ መጥቶ ሰማዩን ሲያነሣ ውሎ እህቴን ዘለላት! ዛሬ ልክ ባላስገባው!» አበበች ሳህን እየሰበሰበች፣ «እባክህ በቅዳሜ ምድር ከሰው ልጅ አትጣላ» አለችው። እሱ ግን ወጥቶ ባጃጅ ይዟል። ከሰፈሩ ከፍራንኮ እስከ ፖስታ ቤት ድረስ ባጃጁ ውስጥ ሆኖ የሚናገረውን ሲለማመድ ሄደ። «አንተ ልጅ፣ እናት የለህም?» የሚለው ለመጀመሪያ ጥሩ መሰለው። ጥቂት ሄዶ ደግሞ በዛ ብሎ ሰረዘው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ያስተማረ ሰው ቁጣውንም አርሞ ነው የሚያቀርበው። ሰዓቱ አምስት ተኩል ነበር፣ የአዳማ ፀሐይም ሥራዋን ጀምራለች።

የኤባ ስቱዲዮ ፎቅ ላይ ያሉ ሁለት ጠባብ ክፍሎች ናቸው። አንዱ ግድግዳ ላይ ፏፏቴ ተሥሏል፣ ከፊቱ ቀይ ከፋይ የለበሰ ወንበር አለ፣ ወንበሩ አጠገብ የፕላስቲክ አበባ። በውስጠኛው ክፍል ኤባ ቬንትሌተር ፊቱ አድርጎ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ ኮምፒውተሩ ላይ የሌላ ሰው ሙሽራ ይቆርጣል። ነጋሳን ሲያይ ማዳመጫውን ወርውሮ ብድግ አለ። «ቲቸር! አካም ቡልተን? ኧረ ይቀመጡ! ፊልሙ እንዴት ነው፣ ወደዳችሁት?» ብሎ የራሱን ወንበር ለቀቀለት። ነጋሳ አልተቀመጠም። ባጃጅ ውስጥ ያዘጋጀውን ሁሉ፣ የሰረዘውንም ጭምር አወረደበት። ሦስት ካሜራ፣ አንድ ድሮን ይዘህ የአቶ ገሠሠን አጥንት አነሣህ፣ ያቺን ምስኪን እህቴን ግን ክርኗ ላይ ቆርጠህ ጣልካት አለው። ኤባ አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ መሳቢያውን ስቦ አንድ የላስቲክ ፎልደር አወጣና ከውስጡ ወረቀት መዝዞ ዘረጋለት።

በዚህ ከተማ ሠርግ የሚያነሣ ሰው ሁሉ ከሠርጉ በፊት ከቤተሰቡ አንድ ወረቀት ይቀበላል፤ «የግድ መነሣት ያለባቸው» ይባላል። ያለዚያ ወረቀት የሠራ፣ «አጎቴን ዘለልክብኝ፣ አበልጄን ጀርባውን ብቻ አነሣህብኝ» እየተባለ ዓመቱን ሙሉ ሲሰደብ ይከርማል። ወረቀቱ ነጋሳ ፊት ተቀመጠ። ጽሕፈቱ የራሱ ነው፤ ያ ጥንቅቅ ያለ የመምህር ጽሕፈት፣ ተራ ቁጥሩ በቀይ ስክሪብቶ የተሠመረበት። አንደኛ አቶ ገሠሠ ከነባለቤታቸው። ከዚያ የአበበች ዘመዶች። ከዚያ የትምህርት ቤት ባልደረቦች፣ ከዱባይ የመጣችው የአጎት ልጅ፣ የቀበሌው ሰውዬ። ሠላሳ ስምንተኛ ላይ፣ «ድንኳን አከራዩ፣ ቅናሽ አድርጎልናል» ይላል። እስከ አርባ ሁለት ወረደ። ከታች ወደ ላይ ደግሞ ወጣ። የሺዓለም የሚል የለም።

«የቤት ሰው እኮ ናት» አለ ነጋሳ፣ ድምፁ አንሶ። «የቤት ሰው ደግሞ ይጻፋል እንዴ?»

«አይጻፍም ቲቸር። ማንም አይጽፍም። በስድስት ዓመት ሥራዬ ወጥ ቤት ያለን ሰው ጽፎ የሰጠኝ ቤተሰብ አላውቅም» አለው ኤባ። የወቀሳ ቃና አልነበረበትም፣ እንዲያውም ያዘነለት ይመስላል። «ግን ሳልሞክር ቀርቼ አይደለም። ከድንኳኑ ኋላ ሄጄ ነበር። እትዬ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው፣ ‹ልጄ፣ እኔ የቤት ሰው ነኝ፤ ባትሪህን አትጨርስ፣ እንግዶቹን አንሣ› አሉኝ። እኔም እጃቸውን ብቻ ይዤ ተመለስኩ። ደግሞ ቲቸር፣ ልንገርዎት፣ በዚህ ሥራ ስንሄድ እኛን ማንም አያስታውሰንም። ሰው ሁሉ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ጨፍሮ፣ እኛ ከነካሜራችን ነው የምንውለው። እትዬ የሺ ግን ከሠርገኛው ሁሉ በፊት አራታችንን ጠርተው አቀረቡልን። ‹ባዶ ሆድ ምን ያያል?› ብለው። እኔ እሳቸውን አልረሳቸውም።»

ነጋሳ አፈረ። ያን ሁሉ ቁጣ ተሸክሞ ደረጃ የወጣ ሰውዬ፣ አሁን የሚያስቀምጥበት አጥቶ፣ ወደ ፊተኛው ክፍል መለስ ብሎ ቀዩ ወንበር ላይ፣ ፏፏቴው ሥር ቁጭ አለ። ያልተቆረጠው ፊልም ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። ፍላሹ ለቤተሰብ ከተሰጠ በኋላ፣ ለሚቀጥለው ሠርግ ቦታ ስለሚያስፈልግ፣ ያልተቆረጠው ተደምስሷል። ካሜራ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ይከራይ እንደሆነ ጠየቀ። ሦስቱም ካሜራዎች ሞጆ ሠርግ ላይ ናቸው። «በስልክዎ ያንሷቸዋ» አለው ኤባ። ነጋሳ ስልኩን አውጥቶ አሳየው፤ መስታወቷ ተሰነጣጥቋል፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ «ቦታ የለም» ትላለች፣ ሰው ሲደውል ደግሞ ያነሣችውን ታቋርጣለች። «ብትሠራስ?» አለ። «ለልጄ ሦስት ካሜራና ድሮን አቁሜ፣ ላሳደገችኝ ሰው ይህችን ይዤባት ልምጣ? እገዛለሁ። ካሜራ እገዛለሁ።» ይህን ሲል ራሱም ደነገጠ። ሠርግ የደገሰ ጡረተኛ በኪሱ ምን ሊኖረው!

ኤባ ግን አልሳቀበትም። «እንደሱ ከሆነ ትልቁን እንዳይመኙ» አለ። «ሰው ትልቅ ካሜራ ሲያይ እንግዳ ይሆናል፤ ኮቱን ያስተካክላል፣ ወይ ይሸፈናል። ለእትዬ ኪስ የምትገባ፣ ትንሽ ነገር ነው የምትሆነው። ዙም ምናምን የሚሏትን ይተዋት፤ ሰው በእግሩ ቀረብ ይላል። ድምፅ ነው ዋናው። ድምፃቸው በደንብ ካልተሰማ ምኑን ፊልም ሆነ? ደግሞ እጅዎ ቢንቀጠቀጥም የምትችል ትሁን።» ነጋሳ እጁን ወደ ኪሱ ከተተው። ኤባ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ነገር ነካ ነካ አድርጎ ተነሣ። ይሠራው የነበረው ፊልም ተጠናቅቆ እስኪወጣ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ እስከዚያ ደግሞ ማሽኑን መንካት አይቻልም። «ይኼ እዚህ ሲፈላ ይቆይ፤ ኑ አብዱናሲር ጋ እንሂድ» አለው።

የአብዱናሲር ሱቅ ከስቱዲዮው ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ነው፤ ከላይ እስከ ታች ቻርጀርና የስልክ ቀፎ የተሰቀለበት፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምበት ሱቅ። አብዱናሲር ነጋሳን ሲያይ ከባንኮኒው ጀርባ ብድግ አለ። «ቲቸር ነጋሳ! ስምጥ ሸለቆን ካርታ ላይ አሳይ ብለው፣ ቀይ ባሕር ላይ ጣቴን ሳስቀምጥ የሰጡኝ ኩርኩም አሁንም ክረምት ሲሆን ያመኛል» አለና ሦስቱም ሳቁ። ነጋሳ ከጠዋት ወዲህ ሲስቅ ይህ የመጀመሪያው ነው። የመጡበትን ሲነግረው አብዱናሲር ከመስታወቱ ውስጥ በመጀመሪያ አንዲት አንገት ያላት ቀጭን ካሜራ አወጣ። ራሷን እንደ ሰው ታዞራለች፤ አንተ ብትሮጥ እሷ ዐይኗን አትነቅልም። ነጋሳ በጣም ወደዳት። ዋጋዋን ጠየቀ። መቶ ሃያ ሺህ ብር። «ይህማ የሠርጉ በሬ ነው!» ብሎ ቀስ አድርጎ መለሳት፣ የጣቱንም አሻራ በእጅጌው ጠረገላት።

ቀጥሎ የመጣችው ክብሪት የምታህል፣ ካርቶኗ ላይ ሰውዬ በባሕር ማዕበል ላይ የሚንሸራተትበት፣ ስድስት ሺህ ተኩል ነበረች። ለነጋሳ ኪስ ይህች ተስማማች፣ ሊከፍልም እጁ ወደ ስልኩ ሄደ። ኤባ ግን ያዘው። «ካርቶኑን አይመኑ። እስቲ መጀመሪያ ይናገሩባት» አለ። ነጋሳ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ወለንጪቲ ከአዳማ በስተምሥራቅ ትገኛለች» አለባት። መልሰው ሲሰሙት በርሜል ውስጥ የወደቀ ሰው ይመስላል፤ ምሥራቁ ጨርሶ አልተሰማም። አብዱናሲር ራሱ አፈረና፣ «ይህችን ለሞተረኞች ነው የምሸጣት፤ እነሱ እንደሆኑ አይናገሩም» ብሎ ከመንገድ አነሣት። ነጋሳ ሰዓቱን አየ። ሰባት ተኩል ሆኗል። መናኸሪያ፣ ሻንጣ፣ የእህቱ ጫማ በዐይኑ ላይ መጡበት። «ሌላ የለህም? ልጄ፣ ጊዜ የለኝም» አለ።

አብዱናሲር ትንሽ አሰበና ከታች ጎንበስ ብሎ አንዲት ያገለገለች አወጣ። ከዱባይ የመጣች ናት። የልብስ ሳሙና ታህላለች፤ ጎኗ ላይ እንደ በር የሚከፈት ትንሽ ስክሪን አላት። ጠርዟ ላይ ቀለሟ ተፍቋል፣ ባትሪዋም ከአርባ ደቂቃ በላይ አያስኬድም። ኤባ ተቀብሎ ገለባበጣት፣ ጆሮው ጋ አስጠግቶ አዳመጣት፣ በመስኮት አሻግሮ የሚያልፍ ባጃጅ አነሣባት፣ ከዚያ ለነጋሳ ሰጠው። ነጋሳ አብዱናሲር ላይ አነጣጠረ። ሰውዬው ሁለት ሰከንድ ያህል እንደ ሐውልት ቆመ፣ ከዚያ ራሱን ረስቶ፣ ቲቸር እንዴት ጠመኔ ይወረውሩ እንደነበር ማውራት ጀመረ። መልሰው አዩት። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። የነጋሳ እጅ ተንቀጥቅጧል፣ ሥዕሉ ግን አልተንቀጠቀጠም። ዐሥራ ስድስት ሺህ የተባለችው ኤባ ሲለምን ዐሥራ ሦስት ሺህ ላይ ቆመች። ከሠርጉ የተረፈችውና የወሩ ጡረታ አንድ ላይ ሆነው ልክ ለእሷ የተቀመጡ ነበር የሚመስሉት። ገንዘቡን በስልኩ ካስተላለፈ በኋላ አብዱናሲር አዲስ የማስታወሻ ካርድ ከማሸጊያው አውጥቶ ከካሜራዋ ውስጥ ከተተለት። «ይህ ከኔ ነው። ላሳደገች እህት ከሆነ እንዴት ባዶዋን ትሄዳለች?» አለ። ነጋሳ በኦሮምኛ «ገላቶሚ» ብሎ አመስግኖት ትከሻውን ያዝ አደረገው። በመንገድ ላይ ኤባ እጅ ነሥቶ ወደ ሥራው ሲመለስ ደግሞ፣ ጠዋት «አንተ ልጅ» ያለው ትዝ ብሎት፣ «ኤባ፣ ይቅርታ» አለው። «የምን ይቅርታ ቲቸር! ሰላም በሉልኝ እትዬን» ብሎት ሄደ።

ቤት ሲደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። የእትዬ የሺ ሻንጣ በልብስ ማጠቢያ ሳፋው አጠገብ በረንዳው ላይ ቆሟል። አበበች በዐይኗ ወደ ውስጥ ጠቆመችው። እትዬ የሺ ጫማዋን አድርጋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የሶሲ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ነጋሳ ከፊቷ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። «የት ጠፋህ? ምሳም አልበላህ» አለችው። «ትንሽ ጉዳይ ነበረኝ» አላት። የጎረቤት ሬዲዮ ኳስ ያስተላልፋል፣ አበበች ጓዳ ውስጥ ድምፅ እንዳታሰማ ተጠንቅቃ ሳህን ታስቀምጣለች። ስልሳ ዓመት የሚተዋወቁ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ምን እንደሚያስብ ሌላው ያውቃል፣ ማንም ግን አይጀምርም። በመጨረሻ ነጋሳ ካሜራዋን ከኪሱ አወጣ።

«ምንድን ነው እሱ? ሬዲዮ ነው?»

«ካሜራ ነው እትዬ። ላነሣሽ ፈልጌ ነው።»

እጇ ሳታዝዘው ነጠላዋን ስቦ አፏ ላይ አደረሰው። «ተው እባክህ! ለእንግዳ አድርገው። እኔ የቤት ሰው ነኝ፤ ምኔ ይነሣል?»

ነጋሳ ካሜራዋን ጉልበቱ ላይ አሳረፋት። «እትዬ፣ ያ ልጅ አላጠፋም። የሚነሡትን ሰዎች ስም ጽፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ። አርባ ሁለት ሰው ጻፍኩ። ድንኳን አከራዩን ጻፍኩ። አንቺን አልጻፍኩሽም» አለ። እትዬ የሺ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። «እኔም እኮ ያን ልጅ ሂድ ብዬዋለሁ» አለች። «ፊቴን ሸፍኜ፣ ሂድ እንግዶቹን አንሣ አልኩት። አንተ ላይ ብቻ አልፈርድም። ግን ነጌ፣ ዛሬ ሦስት ሰዓት ሙሉ ራሴን ስፈልግ ነበር። አሁን እወጣለሁ፣ አሁን እወጣለሁ እያልኩ። ስስቅ ያየኸኝ ሆዴ እያረረ ነው። ነገ ሶሲ ትወልዳለች። ልጆቿ ያን ፊልም ያያሉ። አቶ ገሠሠን ያውቃሉ። እኔን ማን ናት ይሏታል? እጅ!» ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ነጋሳ ከወንበሩ ወርዶ ጉልበቷን ሳመ። ስልሳ ዓመቱ ነው፣ ወገቡም ያመዋል፣ ግን እዚያው ቀረ። «ይቅር በይኝ» አላት። «አንቺ ያደረግሽልኝን ዕድሜዬን ሙሉ ባወራው አይወጣልኝም። አንድ ቀን እንኳ አመሰግንሻለሁ ብዬሽ አላውቅም። የቤት ሰው ደግሞ ይመሰገናል እንዴ እያልኩ። አመሰግንሻለሁ እትዬ። ለዓሣውም፣ ለደብተሩም፣ ለዚህ ሠርግም፣ ለሁሉም።» አለቀሰ። እትዬ የሺ አየችውና፣ «ወይ ጉዴ! ሪዝ ያለው ልጅ ሲያለቅስ ደግሞ እንዴት ያስጠላል! ተነሥ፣ ተነሥ፣ ወገብህን ይይዝሃል» ብላ በነጠላዋ ጫፍ ፊቱን ጠረገችለት። ከዚያ ቀሚሷን ዝቅ ብላ አየችው። «እና እንዲህ ሆኜ ነው የምታነሣኝ? አበበች! እስቲ ያንን ሻንጣ አስገቢልኝ!»

ለሠርጉ ብላ ያሰፋችው ቀሚስ አንድም ቀን ሳይለበስ ሻንጣው ሥር ታጥፎ ነበር፤ ወጥ ይነካዋል ብላ ሳትለብሰው ሠርጉ አለፈ። ጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ ነው። አበበች ጥበቡን እየዘረጋች፣ «እትዬ፣ ይህን ደብቀው ነው እኛን በዚያ ሽርጥ ያታለሉን?» እያለች አለበሰቻት። በረንዳው ላይ፣ ብርሃኑ ደህና በሆነበት፣ ወንበር አወጡላት። ነጋሳ ስክሪኗን ከፍቶ ቀዩን ነጥብ ተጫነ። እትዬ የሺ እጆቿን ጭኖቿ ላይ አድርጋ ቀጥ አለች፤ ዐይኗንም አታርገበግብም። «ይተንፍሱ እንጂ እትዬ፣ የመታወቂያ ፎቶ አይደለም!» አለቻት አበበች። ነጋሳ ኤባ እንዳለው በእግሩ ጠጋ አለ። «እስቲ የዚያን የትልቁን ድስት ነገር ንገሪኝ። አንድ ነገር ሆኖ ነበር አሉ» አላት።

«ማን ነገረህ?» አለችና ዐይኗ በራ። ከዚያ ወዲያ ካሜራዋን ረሳቻት። የሠርጉ ዕለት ጠዋት ጉልቻው አንደኛው ጭቃ ላይ ተንሸራተተ፣ የሃያ አምስት ዶሮ ወጥ ወደ አንድ ጎን ዘመመ፣ ሴቶቹ እሪ አሉ፣ እሷ በዳሌዋ ደገፈችው። «ልጠራህ አልችል፣ አንተ በር ላይ እንግዳ ትቀበላለህ። በዚያ መሐል ቡኒ ኮት የለበሰ አንድ ሰውዬ ከየት መጣ ሳይባል እጅጌውን ሰብስቦ ድስቱን ያዘልኝ! ጉልቻውን እስክናስተካክል ድረስ፣ እንፋሎቱ ፊቱን እየገረፈው። ኋላ ስጠይቀው፣ የሚሄደው ወደ ሌላ ሠርግ ነው፤ ድንኳን ተሳስቶ ነው! በል እንግዲህ ወጡን ያዳንከው አንተ ነህ፣ ግባና ብላ፣ ጨፍር አልኩት። አልጨፈረም እንዴ! ሙሽራውን እንኳ አላስጨፈረም!» ነጋሳና አበበች ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ አንገቷን ወደ ግራ ጣል አድርጋ፣ አፏን በእጇ ጀርባ ሸፈን አድርጋ፣ ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ ሳቀች። ከሳቁ መለስ ስትል ለሶሲ ምርቃት ላከች፣ ለተራዱት ሴቶች ምስጋና ላከች፣ ለኤባም ሳይቀር «ባትሪው ይባረክለት» አለች።

«በል አሳየኝ» አለች። ነጋሳ ካሜራዋን ሰጣትና የቱን እንደምትነካ አሳያት። መጀመሪያ መገተሯን አይታ በራሷ ቀለደች። የድስቱ ወሬ መጣ። ትንሿ ስክሪን ላይ ያለችው ሴትዮ ስትስቅ፣ የያዘቻት ሴትዮ ሳቋን አቆመች። «መልሳት» አለች። መለሰላት። «አሁንም መልሳት።» ሦስተኛው ላይ ስክሪኗን ወደ ፊቷ አስጠጋቻት። የአሥር ሰዓቱ መኪና ትዝ ያለው ሰው የለም።

«እማዬ ናት» አለች ቀስ ብላ።

ነጋሳ አልገባውም። «እማዬ እኮ ናት ነጌ! እንዲህ ነበር የምትስቀው። አንገቷን እንዲህ ጥላ፣ አፏን በእጇ ጀርባ ይዛ። ድምፅዋም ይኸው ነው፣ ቁርጥ እሷ። እኔ እንዲህ እንደምስቅ በምን ልወቅ? መስታወት ፊት ቆሞ የሚስቅ ማን አለ? እማዬን ቁጭ ብዬ ሳያት!» ነጋሳ ባለበት ቆመ። እናታቸው አንድ ፎቶ እንኳ ሳይኖራት ነው የሞተችው። እሱ ፊቷን አያስታውስም። ልጅ ሆኖ ምን ትመስል ነበር እያለ ይጠይቃል፤ ቀይ ነበረች፣ ቁመቷ መካከለኛ ነበር ይሉታል፤ ከዚያ አንድ ፊት ሊሠራ ሞክሮ እንቢ ብሎት ኖሯል። ሰዎች ስለ እናታቸው ሲያወሩ ዝም ብሎ የሚሰማው ለዚያ ነው።

«ና፣ ተቀመጥ። እናትህን እይ» አለች እትዬ የሺ። አበበች ዱካ አመጣችለት። ወንድምና እህት ትንሿን ካሜራ በሁለት በኩል ይዘው ጎንበስ አሉ። ሴትዮዋ ሳቀች፤ ነጋሳ ዐይኑን ሳይነቅል አያት፣ አሁንም መለሳት፣ አሁንም ሳቀች። እንባው ስክሪኗ ላይ እንዳይወርድ በእጅጌው ያዘው። «እማዬ» አለ። ይህን ቃል ልጅ እያለ ለእትዬ የሺ አንድ ሁለቴ ብሏት፣ «እናት አለችህ፣ እኔ እህትህ ነኝ» ብላ ከልክላው፣ ከዚያ ወዲህ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። አሁንም ለየትኛዋ እንዳለው ራሱ አላወቀም። እትዬ የሺ ዐይኗን ከስክሪኗ አነሣችና ጭንቅላቱን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።

«ወዬ ልጄ» አለችው።